ጢስ ዓባይ ሰበብ ነው

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ አያልቅበትም። ዘመድ ይመጣል። የዘመድ ጓደኛ ይመጣል። ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ የከረመ የኮሌጅ ጓደኛ ይደውልና «ልንመጣ ነው፣ ቤት አለሽ አይደል?» ይላል። አለሁ፤ እንግዳም እወዳለሁ። ግን ሁሉም ሻንጣውን ሳያወርድ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «ፏፏቴው አሁን ውኃ አለው?»

አይፈረድባቸውም። የወረቀት አንድ ብር በእጁ ይዞ ያደገ ሰው ሁሉ ከጀርባው ያለውን ፏፏቴ ያውቀዋል። የሚመጣውም ያንን ሥዕል ጠብቆ ነው። እኔ ደግሞ መምህርነት የጀመርኩት ጢስ ዓባይ ነው። ስለዚህ «አለው» ወይም «የለውም» ብዬ መገላገል አልችልም። ባለቤቴ ገና አፌን ስከፍት «በሉ ቡና ይፈላ፣ ይቺ ነገር ትረዝማለች» ይላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በ1956 ዓ.ም. እዚያው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። 11 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ስለነበረ ከወንዙ የሚቀንሰውም ያን ያህል አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራና ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ውኃ በመዝጊያ የሚመጠን ሆነ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ መጣ፤ እሱ 73 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱም ማመንጫዎች ውኃውን የሚቀበሉት ከፏፏቴው አናት በላይ ነው። በቦይ ይዞርና ተርባይን መትቶ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ስለዚህ በበጋ ራቁቱን የቀረ ገደል ስታዩ ውኃው ጠፋ ማለት አይደለም። በጓሮ በር ወጥቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ እሱ ጭራሽ ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል።

ይህን ስናገር አንዳንድ እንግዳ ይናደዳል። እኔ አልናደድም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ መብራት የወሰደውን ውኃ የሚረግም ሰው አያምርበትም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። እንግዳው ውኃ ቀንሷል ሲባል ጉዞውን ይሰርዛል። መንደሩ ግን አልቀነሰም። ድልድዩ አለ፤ ገበያው አለ፤ ዋሽንት የሚነፋው ልጅ አለ፤ ቡና የምታፈላው ሴትዮ አለች። ፏፏቴውን አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ለምሳ ባሕር ዳር የሚመለስ ሰው ያየው ግማሹን እንኳ አይደለም።

መቼ ልምጣ ለሚል፣ ውኃውን በሙሉ ጉልበቱ ማየት ከፈለጋችሁ ነሐሴና መስከረም ነው። ያኔ ድምፁ ገና ከሩቅ ይሰማል። ጭቃው ግን ጫማ ያወልቃል፤ ቁልቁለቱ ላይ በተለይ። ለእኔ የሚመረጠው ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ውኃው ገና በቂ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፤ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ መዘንፈል ጀምሯል። ከታኅሣሥ ወዲያ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ፏፏቴውን ሁለተኛ አድርጉትና ሰዉን ለማየት ኑ። ያ ጊዜ የውቂያ ነው፤ ቀጥሎ ጥር ሲገባ የጥምቀትና የሠርግ።

እሺ፣ ጢስ ዓባይ ደረሳችሁ እንበል። ትኬት የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው። የአካባቢው ልጆች አስጎብኚ ሆነው ይጠብቃሉ። «መንገዱ አይጠፋንም» ብላችሁ አትለፏቸው። መንገዱ በእርግጥ ላይጠፋችሁ ይችላል፤ ግን የማን ማሳ እንደሆነ፣ የትኛዋ ቤት ጠላ እንዳላት፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አጭር ነው። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ትሻገሩና ሜዳ ሜዳውን ትሄዳላችሁ። ጉልበት ለሚያመው ሰውና ለአረጋውያን እሱ ይሻላል። ሁለተኛው በድልድዩ በኩል ነው። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። የሚቻለው ሰው በድልድዩ ሄዶ በጀልባው ቢመለስ ሙሉ ዙር ይሆንለታል።

ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ሰዉ የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ዓባይ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨንቆ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ያ ከላይ ያን ያህል ሰፍቶ የወደቀ ወንዝ እዚህ ጋ አንገቱን ደፍቶ በአንዲት ቅስት ሥር ሲሾልክ ማየት ራሱ ያስገርማል። ሽማግሌዎች ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የተሠራው ይላሉ። ስንት ሺህ እንቁላል እንደፈጀ ጠይቃችሁ ብታዩ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይነግራችኋል። የገረመኝ ግን ዕድሜው አይደለም። ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑ ነው። በገበያ ቀን ማለዳ እዚያ ብትቆሙ ከማዶ ያለው ገበሬ ሁሉ በላዩ ሲያልፍ ታያላችሁ። አህያው እህል ተሸክሟል፤ ሴትዮዋ ዶሮ በክንዷ አቅፋ በሌላው እጇ ቅቤ ይዛለች፤ ጎረምሳው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን ሰቅሎበታል። እናንተ ካሜራ አውጥታችሁ መሐል ላይ ከቆማችሁ ትራፊኩን ዘጋችሁ ማለት ነው። ጥግ ያዙ። «እንዴት አደራችሁ» በሉ። ሰላምታውን ስትመልሱ ረጋ በሉ፤ ጎጃም ውስጥ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። በጎጆዎች መሐል ታልፋላችሁ። እዚህ ጋ ነው ሻጮቹ የሚጀምሩት። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የአንገት ልብስ፣ ቅል፣ ዋሽንት። ብዙ እንግዳ የሚማረርበት ቦታ ይሄ ነው። «ተከተሉን፣ አላስቆም አሉን» ይላል። እኔ እነዚያን ልጆች ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ። እንግዳ የያዘ ነጭ መኪና በመስኮት ሲታይ ከኋላ ወንበር አንዱ ሆዱን ያመው ነበር፤ ቀጥሎ ሌላው። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ይለኛል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ አይታይም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ግን ያ ልጅ ያመጣው ብር ለደብተርም ለዘይትም እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ እንግዶቼን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። በትምህርት ሰዓት ከሕፃን ልጅ አትግዙ፤ ከእናቱ ግዙ። ዕቃው ያው ነው። ዋጋ መከራከር ይቻላል፤ ይጠበቃልም። ግን ጥጡን የፈተለችው ሴትዮ ቁጭ ብላ ልቃቂቱን ስትሠራ እያያችሁ ለአሥር ብር ግማሽ ሰዓት መከራከር ነውር ነው።

ባለፈው አንዲት ወጣት በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ ዛሬም እንግዳ ይዘው መጡ?» አለችኝ። አስተምሬያት ነበር። ያን ጊዜ ከሽንት ቤት የማይመለሱት ዋና እሷ ነበረች። አሁን ቤቷ ፊት ለፊት ረከቦት ዘርግታ ለእንግዳ ቡና ታፈላለች፤ አጠገቧም እናቷ ነጠላ ትሸጣለች። እናትየው ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ ልነሣ ስል «በሞቴ! በረካውን ሳትጠጪ?» አሉኝ። እንግዶቼ አራት ሰዓት ላይ ፏፏቴው ጋ መድረስ ነበረባቸው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ማንም ቅር አላለውም።

ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለው ኮረብታ ላይ ስትወጡ ፏፏቴው በሙሉ ይታያል። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ፎቶውን በየቦታው አይታችሁታል። ወደ ታች ስትወርዱ የአላታን ወንዝ በተንጠልጣይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ድልድዩ ይወዛወዛል። ሆን ብሎ የሚያወዛውዝ ሰው ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ የአጎቴ ልጅ ነው።

ይኸው የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። አንድ ታኅሣሥ ላይ መጥቶ ፏፏቴው ቀጭን ሆኖ ሲያየው አኮረፈ። ስንመለስ ከመንገዱ ዳር አውድማ ላይ ጤፍ ይወቃ ነበር። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ልጆች ከኋላ እየነዱ ይዘፍናሉ፤ ሰውዬው በመንሽ ጭዱን ያነሣል። ደቦ ስለነበር ሰው ብዙ ነው፤ ጠላውም ብዙ ነው። የአጎቴ ልጅ «ልሞክር?» አለ። ላይዳ ሰጡትና ወደ ነፋሱ ወረወረ። አንድ አባት ከጋቢያቸው ላይ ጤፉን እያራገፉ «ልጄ፣ ፍሬውን እኛን አለበስከን፣ ገለባውን አስቀረኸው» አሉት። አውድማው በሳቅ ፈረሰ። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ ፏፏቴውን አያነሣውም። ላይዳውን ነው የሚያወራው፤ ያውም በደንብ እንደሠራ አድርጎ።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ። ጢስ ዓባይ የአንድ ቀን ነገር ነው። ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ለጣና ስጡት።

እንግዳ ሁሉ የሚሄደው ወደ ገዳማቱ ነው፤ ደግ ነው። ግን ከጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች እዩ። ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከደንገል ታንኳ መሥራት የእነሱ ሙያ ነው። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ያጭዱታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ እያደረጉ በልጥ ያስሩታል። ሲጨርሱት ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ቀላል ጀልባ ይሆናል። ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ሐይቁን አቋርጦ ባሕር ዳር ይደርሳል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ሙያው ሙዚየም አልገባም። በየጊዜው አዲስ መሥራት ግዴታ ነው።

ስለ ወይጦዎች ያልተነገረ ብዙ ነው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በዚያ ምክንያት ጎረቤቱ ለዘመናት አብሯቸው አልበላም፣ አልተጋባም። ሙስሊሞች ናቸው፤ ሆኖም ሌላው ሙስሊም እንኳ ይርቃቸው ነበር። ከተማው ወደ ሐይቁ እየሰፋ ሲመጣ ደግሞ ዳሩን የለቀቁት እነሱ ናቸው። ደንገሉ ራሱ ቀንሷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁ ላይ ሲንሰራፋ ዓሣ አጥማጁንም ታንኳ ቀዛፊውንም አብሮ ጎዳው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደንገል ለሚያስር ሰው መዝገቡ ምን እንዳመጣለት ግን ራሱን ብትጠይቁት ይሻላል። ቅርጫትም ትንሿን የማስታወሻ ታንኳም የምትገዙ ከሆነ ከሆቴል ሱቅ አትግዙ። እነሱ ዘንድ ሂዱ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ አማርኛ የማይሰሙ መስሎት ፊታቸው ቆሞ «የጥንት ሰዎች» እያለ ስለ እነሱ የሚያወራ እንግዳ አይቻለሁ። አፍ መፍቻቸው እኮ አማርኛ ነው!

ከዚያ ዘጌ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዘጌ ስትደርሱ ዙሪያውን አስተውሉ። ጎጃም ውስጥ ናችሁ፤ ግን ሞፈር የለም፣ በሬ የለም፣ የታረሰ መሬት የለም። ያለው ጫካና ቡና ነው። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ ክልክል ነው፤ ከብት ማርባትም። ነገሩ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጥተው ገዳሙን የመሠረቱ ጻድቅ ናቸው። እሳቸው ሲጸልዩ ለምድሪቱ ሰዎች ሳያርሱ የሚኖሩበት ተክል ተሰጣቸው ይላል ትውፊቱ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናና ጌሾ ሽጦ ጤፍ ይገዛል። በስብሰባና በፖስተር ያልተጠበቀ ጫካ በአንድ ቃል ኪዳን ተጠብቆ ይኸው አለ። ሳይንስ አስተምሬ ስለማውቅ ነው መሰለኝ፣ ይሄ ነገር በጣም ይገርመኛል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብእን ፈልጉት፤ የጥርኝ ውኃውን ታሪክ ልጆቻችሁ ካላወቁ እዚያው ንገሯቸው። ብዙ ሰው ኡራን አይቶ ይመለሳል። እኔ አዝዋ ማርያምንም እዩ እላለሁ፤ በመካከላቸው ያለው የቡና ውስጥ መንገድ ብቻ ይበቃል። ከኅዳር ጀምሮ ከሆነ የመጣችሁት ቀዩ ፍሬ ሲለቀም፣ በየደጁ ሲሰጣ ታያላችሁ። ቆላችሁ ሽጡልን ብትሏቸው ይቆሉላችኋል። ጥሬውን ግን ግዙ፤ ቤት ወስዳችሁ ቁሉት።

ሴቶች አንድ ነገር እወቁ። ሐይቁ ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ለሴት አይፈቀድም። እኔ ከጀልባ ላይ ነው የማውቀው። ባለቤቴ ገብቶ ወጣና «ምን አየህ?» ስለው «ብራና» አለኝ። ሌላ? «ዛፍ።» ከዚህ በላይ አላወጣሁበትም። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የሴት መነኮሳት ነው፤ እዚያ ግቡ።

ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው ካለ፣ እንግዶቼን የሚያጣላልኝ ቦታ ላይ እወስደዋለሁ። አውራ አምባ። በጎንደር መንገድ ፎገራን አቋርጣችሁ ወረታ ትደርሳላችሁ። በነገራችን ላይ ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ አሁን ክረምት ላይ ዓይን እስከሚደርስ ሩዝ ነው። እንጀራው ውስጥ ሩዝ ገብቷል፤ ነጭ ይሆናል፣ በማግሥቱ ግን ይደርቃል። ትኩሱን ብሉ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደሄዳችሁ ትገነጠላላችሁ።

አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። መንደሩ ትንሽ ነው። የወንድ ሥራ የሴት ሥራ የሚባል የለም። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ሸማ ትሠራለች። እኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ ሸማ ላይ አትቀመጥም፤ ስለዚህ የሽመና ቤቱ በር ላይ ስትቆሙ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ሠርግ ተብሎ ድግስ አይደገስም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ ፈጣሪ አንድ ነው ብለው በሥራቸው ነው የሚያመልኩት።

እናቴን ወስጃት ነበር። ሽመናውን ወደደችው፤ የአረጋውያኑን ቤት ስታይ ዕንባዋ መጣ። ደጁ ላይ ስንደርስ ግን «ታቦት የሌለው አገር?» ብላ ማተቧን ያዝ አደረገች። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ከባለቤቴ ጋር ሲከራከሩ መጡ። እሱ ደግሞ ወንዱ እንጀራ የሚጋግረውን ክፍል ዘልሎ ስለ ሌላው ነው የሚያደንቀው። እኔ አስታወስኩት።

ግሽ ዓባይን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሰከላ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ሄዳችሁ ጢሊሊ ላይ ትገነጠላላችሁ። ግልገል ዓባይ የሚነሣባት ምንጭ ያለችው እዚያ ነው። ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሄደው አይተዋታል። ለአገሩ ሰው ግን ከእነሱ ይልቅ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ናት። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለምንጯ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ሳይርሱ አስረከበቻቸው ይባላል። ጠበል ናት። ሳትበሉ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ነው የምትጠጓት። ቁርስ በልታችሁ፣ ሙዚቃ ከፍታችሁ፣ «ቶሎ አይተን እንመለስ» የምትሉ ከሆነ አትሂዱ። ለዚህ ነው ለፏፏቴ እንግዳ የማልመክራት። ለብቻዋ ቀን ትፈልጋለች።

ጥር መጨረሻ ላይ ከመጣችሁና በዚያ አቅጣጫ ካለፋችሁ እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። እሱን ላብራራ ብል ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።

አሁን ገንዘብና መንገድ። ከሁሉ በፊት ስለ ሰላሙ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ምን እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ። ከከተማ ወጣ ከማለታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌር አናግሩ። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁት፣ ይሄንን ጨምሮ፣ ለዚያ ጉዳይ አይሆንም። ጢስ ዓባይ የሚሄድ መኪና ከመናኸሪያ ይነሣል፤ ሲሞላ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ በጠዋት ሂዱ። መመለሻው መቼ እንደሚያበቃ ስትወርዱ ሹፌሩን ጠይቁት። የሐይቅ ጀልባ ለብቻ ውድ ነው። ወደብ ላይ ሌሎች እንግዶች ጠብቁና ተጋሩ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ስንት ገዳም እንደሚያካትትና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም አብራችሁ።

ዝርዝር ብር ያዙ። ቡና ላፈላችላችሁ ሴት ሁለት መቶ ብር ሰጥታችሁ መልስ ብትጠብቁ ጎረቤት ለጎረቤት ስትሮጥ ታመሻለች። የገዳም መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው የሚከፈለው።

ማታ ስትመለሱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉ። ቆረሶ ጥብስ ለእኔ፣ ጉላሽ ለባለቤቴ። በጾም ወቅት ከመጣችሁ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከእናቴ ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ የለሁበትም።